የእሁድ ገበያችን፦ ከማን፣ ምን፣ በየትኛው ወር

ሰፈራችን በየሳምንቱ የሚቆመውን የቅዳሜና እሁድ ገበያ ብዙ ሰው የሚያውቀው በዘይትና በሽንኩርት ዋጋ ነው። እኔ የምወደው በሌላ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ "ይሄን ድንች ማን አመረተው?" ብላችሁ መልስ የምታገኙበት ቦታ ብዙ የለም። ሱፐርማርኬት ውስጥ ብትጠይቁ የሚመልስላችሁ አይገኝም። ጉልት ላይ ያለችው እህታችን ከአትክልት ተራ እንዳመጣችው ትነግራችኋለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እሷም አታውቀውም። እዚህ ግን ቀና ብሎ "እኔ ነኝ ያመረትኩት" የሚል ሰው ይገኛል።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ገበያው ጥሩ ነው፤ ሂዱበት። ግን ድንኳኑ ሁሉ አንድ አይደለም፣ ወሩም ሁሉ አንድ አይደለም። ከገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና ከገጠር በቀጥታ ከሚመጡት ገበሬዎች፣ ወቅቱ ያደረሰውን ከገዛችሁ ትጠቀማላችሁ፤ ገበሬውም ይጠቀማል። በነሐሴ ርካሽ ቲማቲም፣ በጥቅምት ጥሩ ማንጎ ፍለጋ ከሄዳችሁ ግን ተናዳችሁ ትመለሳላችሁ።

እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። ያደግኩት ጨፌ ዶንሳ አካባቢ ነው፤ ምስር፣ ሽምብራና ስንዴ በሚበቅልበት፣ መረሬ በሚባለው ጥቁር አፈር ላይ። አሁን ልጆቼን የማሳድገው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ወጥ ቤቴ ጠባብ ናት። ለቤተሰብ በየቀኑ አበስላለሁ፣ ረቡዕና ዓርብን እንጾማለን፣ ስለዚህ አትክልትና ጥራጥሬ በቤታችን ዋናው ምግብ ነው። የምጽፈውም በዚህ ዓይን ነው። ስለ ሳሙናውና ስለ ፓስታው ድንኳን የምለው የለኝም።

መጀመሪያ ገበሬውን ከቸርቻሪው እንለይ። አንድ ድንኳን ሥር ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ሙዝ፣ ካሮት፣ ሎሚ፣ ዝንጅብልና አቮካዶ ተደርድሮ ካያችሁ፣ ሻጩ ያመረተው አይደለም። ሙዙ ከአርባ ምንጭ ነው፣ ቲማቲሙ ከመቂ ነው፣ ካሮቱ ከደጋ ነው። ሰውየው ሌሊት ሃይሌ ጋርመንት ከሚገኘው አትክልት ተራ ጭኖ ነው የመጣው። ምንም ክፋት የለውም፣ እንጀራው ነው። ብቻ እሱ ጋ የምትገዙት ከቤታችሁ ሥር ካለው ሱቅ ከምትገዙት ያን ያህል አይለይም። ገበሬ አንድ ነገር፣ ቢበዛ ሁለት ሦስት ነገር ይዞ ነው የሚመጣው። አንድ አይሱዙ ሙሉ ድንች ቆሞ ካያችሁ ወደዚያ ሂዱ።

ቀጥሎ ጠይቁ። "ከየት ነው?" ብቻ አይበቃም፤ ሽንኩርት የሚሸጥ ሁሉ ከመቂ ነው ይላል። እኔ "መቼ ተነቀለ?" እላለሁ። ቀጥዬ "ዘሩ ምንድን ነው?" እላለሁ። ያመረተ ሰው ይሄ ጥያቄ ሲመጣለት ፊቱ ይበራል። ድንች የሚያመጣልን አንድ ወጣት አለ። አንድ ቀን ዘሩን ስጠይቀው ጆንያዎቹን በእጁ እያሳየ "ይሄ ጉዳኔ ነው እናቴ፣ ያኛው በለጠ ነው። በለጠው ባለፈው ሳምንት ነው የተቆፈረው፣ ልጡ ገና ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ብሉት" አለኝ። ሁለቱም ከሆለታ ግብርና ምርምር የወጡ ዝርያዎች ናቸው። አንዱን ድንች አንስቶ በአውራ ጣቱ ገፋ አደረገው፤ ልጡ እንደ ስስ ወረቀት ተላጠ። አዲስ ድንች እንዲህ ነው። በቢላዋ መላጥ አያስፈልገውም፣ በውሃ ማሸት ብቻ ይበቃዋል። እሱን ለአልጫ፣ የቆየውንና ልጡ የጠነከረውን ደግሞ ለማስቀመጥ ገዛሁ። ይሄን ምክር ከየትኛው መደርደሪያ ላይ አነበዋለሁ?

ስለ ድንች ካነሳን አይቀር፣ ፀሐይ የመታው ድንች አረንጓዴ ይሆናል፤ እንዲህ ያለውን አትግዙ። ይመራል፣ ለጤናም ጥሩ አይደለም። ድንኳኑ ጥላ ከሌለው ከሥር ካለው ጆንያ እንዲያወጡላችሁ ጠይቁ። ቤት ስትገቡም ጨለማ ቦታ አስቀምጡት።

የዩኒየኖቹ ድንኳን ሌላው ጥሩ ቦታ ነው። እንደ መቂ ባቱ ያሉት አትክልትና ፍራፍሬ፣ እንደ ሉሜ አዳማ ያሉት ደግሞ እህል ላይ የሚሠሩ ናቸው። አሠራሩን ለማያውቅ በአጭሩ ልንገረው። ገበሬዎች በየቀበሌያቸው መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበር ያቋቁማሉ። ማኅበራቱ ተሰብስበው ዩኒየን ይሆናሉ። ዩኒየኑ ምርቱን ከአባላቱ ገዝቶ ይሸጣል፣ በዓመቱ መጨረሻ ከትርፉ ለአባላቱ ያከፋፍላል። ስለዚህ ከዩኒየን አንድ ኪሎ ስትገዙ ከምትከፍሉት ላይ የሆነ ያህሉ ዞሮ ገበሬው ጋ ይደርሳል። አሠራሩ በየዩኒየኑ እኩል ጠንካራ ነው አልልም። ግን ከደላላው መንገድ ይሻላል፤ ይሄን በቤታችን አይቼዋለሁ።

አባቴ ምስር ሲሸጥ ዋጋውን የሚቆርጠው እሱ አልነበረም። ደላላው መጥቶ ይቆርጥለታል። ልጅ ትምህርት ቤት መመዝገቢያ ደርሷል፣ የማዳበሪያ ዕዳ አለ፣ ጎተራ ውስጥ ይዞ መቆየት አይችልም። ደላላውም ይሄን ያውቃል። አትክልት ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው፤ ምስር ቢያንስ አይበሰብስም። ቲማቲም የቀላበት ገበሬ በሦስት ቀን ውስጥ ካልሸጠ የደከመበት ሁሉ ማሳው ላይ ይቀራል። ከማሳው እስከ እኛ ድስት ድረስ ደላላ፣ ጫኝ፣ ጅምላ ሻጭ፣ ቸርቻሪ እያለ ዋጋው ሲጨምር፣ የጨመረው ብር ወደ ኋላ ተመልሶ ገበሬው ኪስ አይገባም። ለዚህ ነው የእሁድ ገበያ ላይ ከገበሬው ጋር ዓይን ለዓይን ተያይቶ መገበያየት ለእኔ ትልቅ ነገር የሆነው።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ልበል። ገበያው ጠርዝ ላይ፣ ከድንኳኖቹ ውጪ፣ መሬት ላይ የማዳበሪያ ጆንያ አንጥፈው ጎመን የሚሸጡ እናቶች አሉ። አራት አምስት እስር ጎመን፣ ትንሽ ድንብላል፣ አንዳንዴ ጤና አዳም። እነሱ ጋ ዋጋ አልከራከርም። ጅምላ ሻጩ ጋ "ቀንስ" ማለት ያለ ነው፣ እኔም እላለሁ። አራት እስር ይዛ በእግሯ የመጣች ሴት ላይ ግን አምስት ብር ለማስቀነስ መቆም ነውር ነው።

አሁን ወደ ወራቱ ልግባ፤ የዚህ ገበያ ጥቅምና ጉዳት ያለው እዚህ ላይ ነውና።

ሽንኩርት ላይ ረዘም ልበል፣ ምክንያቱም የሁላችንም ራስ ምታት እሱ ነው። አዲስ አበባ የሚገባው ሽንኩርት አብዛኛው በመስኖ የሚመረት ነው፤ ከመቂ፣ ከዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ፣ ከአዋሽ ዳርቻ፣ ከሰሜን ደግሞ ከፎገራ። ችግኙ ከተተከለ በኋላ ሦስትና አራት ወር ይፈልጋል። በበጋ ደረቅ አየርና የመስኖ ውሃ አግኝቶ ያድጋል፣ ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት በብዛት ይወጣል። ያኔ ርካሽ ነው፤ አንዳንዴ ለገበሬው እስኪያሳዝን ድረስ ርካሽ ነው። ክረምት ሲገባ ግን እርጥበቱ ቅጠሉ ላይ በሽታ ያመጣል፣ የተነቀለውም ቶሎ ይበሰብሳል። ገበሬው የሚያስቀምጥበት መጋዘን የለውም። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዋጋው ሰማይ ይነካል፤ እኛም ነጋዴውን ስንረግም እንከርማለን። የነጋዴው ጥፋት ሊኖርበት ይችላል፤ ግን ክረምት ራሱ ዋናው ምክንያት ነው።

መፍትሔው ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው በሚያዝያና በግንቦት ረከስ ሲል ከዩኒየኑ ጥሩ ሽንኩርት መርጦ መግዛትና ማቆየት ነው። የሚቆየውን ሽንኩርት በአንገቱ ታውቁታላችሁ። አንገቱ ቀጭንና ድርቅ ያለ፣ ልጡ የሚንኮሻኮሽ መሆን አለበት። አንገቱ ወፍራምና ሲጫኑት ለስላሳ የሆነው ከውስጥ መበስበስ ይጀምራልና የዚያው ሳምንት ይበላ። ቤት ሲገባ ፌስታል ውስጥ አትተዉት። እኔ ሰገነቱ ላይ፣ ዝናብና ፀሐይ በማያገኘው ጥግ፣ በመረብ ከረጢት እሰቅለዋለሁ። አየር እስካገኘ ድረስ ሰኔን ያልፋል። በየሳምንቱ እየፈተሻችሁ የለሰለሰውን አውጡ፤ አንዱ ሲበላሽ ጎረቤቱን ይዞ ነው የሚሄደው።

ሁለተኛውን መፍትሔ የበለጠ እወደዋለሁ። ክረምት ላይ ሽንኩርት የማይበዛበትን ምግብ መሥራት። ነሐሴ ፍልሰታ ነው፤ ከ1 እስከ 15 ልጆች ሳይቀሩ ይጾማሉ። ፈጣሪም በዚያው ወር ጎመን በየጓሮው ይሰጣል። የአበሻ ጎመን በዝናብ ያደገ፣ ቅጠሉ ሲሰበር ቀጭ የሚል፣ በትንሽ ዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ብቻ የሚጣፍጥ ነገር ነው። ድንች አልጫ፣ ጎመን በድንች፣ ጥቅል ጎመን በካሮት። በቆሎም ከሰል ላይ የሚወጣው በዚሁ ሰሞን ነው። በክረምት ቀይ ወጥ በየቀኑ ካልበላሁ ያለ ሰው በገበያው ላይ ይማረራል። "ጎመን በጤና" ያሉ ሰዎች ኪሳቸውንም አስበው ነው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። የአበሻ ሽንኩርት ካገኛችሁ አትለፉት። ትንንሽ ነው፣ ሁለት ሦስቱ አንድ ላይ ተጣብቀው የሚያድጉ ናቸው፣ መላጡ ያሰለቻል። ልጆቼ ሲያዩት ከወጥ ቤት ይጠፋሉ። ግን ለቁሌት የሚያህለው የለም። ውሃው ትንሽ ነው፣ ቶሎ ይቀላል፣ ሽታው ደረጃ ላይ ድረስ ይሸታል። ከትልቁ ሽንኩርት አነስ አድርጋችሁ ተጠቀሙ።

ስለ ጎመን ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከቅርብ መጣ ማለት ሁሌ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥና ዙሪያዋ በአቃቂ ወንዞች ውሃ የሚለማ አትክልት አለ። ወንዞቹ የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ የሚገባባቸው ናቸው፤ በዚያ ውሃ የበቀለው ቅጠላ ቅጠል ላይ ከባድ ብረት መገኘቱ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። በማጠብ የሚለቅ ነገር አይደለም። ስለዚህ በጋ ላይ፣ ዝናብ በሌለበት፣ ለምለም ጎመንና ሰላጣ ስታዩ "ውሃው ከየት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። እኔ በበጋ ቅጠላ ቅጠል የምገዛው የጉድጓድ ወይም የምንጭ ውሃ እንደሚጠቀሙ ከነገሩኝና ቦታቸውን ከማውቀው ሰዎች ብቻ ነው። በክረምት የዝናቡ ነው፣ ልቤ ይረጋል። የገበያው አስተባባሪዎች ይሄን ጉዳይ ጠይቀው ቢያጣሩልን ትልቅ ውለታ ነው፤ እስካሁን ግን ይሄን የሚጠይቅ አላየሁም።

መስከረምና ጥቅምት ገበያው በጣም የሚያምርበት ጊዜ ነው። የበቆሎ እሸት ገና አላለቀም፣ የባቄላ እሸት ይጀምራል። ላሞቹ ክረምቱን ለምለም ሣር ግጠዋል፣ ወተትና ቅቤ ይበዛል። "በጥቅምት አንድ አጥንት" የሚባለውም ከብቱ በሚጠግብበት፣ ብርዱም በሚጀምርበት ጊዜ ነው። የሸኖ ቅቤ የሚያመጡት ሴቶች በዚህ ሰሞን አይጠፉም። ማርም ከመስቀል በኋላ ይቆረጣል። ማር ላይ ጠንቀቅ በሉ፤ ስኳር የተቀላቀለበት በየቦታው ነው። እኔ ከነሰፈፉ ካልሆነ አልገዛም።

ታኅሣሥ ላይ የእኔ ወር ይመጣል። የሽምብራ እሸት። ሰዉ የሚያውቀው ከቢሾፍቱ መንገድ ላይ በእስር ሲሸጥ ነው፤ በዚህ ገበያ ደግሞ ገበሬዎቹ ራሳቸው ሌሊት ነቅለው፣ ሥሩ ላይ አፈሩ ሳይራገፍ ያመጡታል። አፈሩን አይቼ አገሬን አውቀዋለሁ። መረሬ ሲደርቅ ግራጫ ሆኖ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ጫማ ላይ ይጣበቃል፣ ሥሩም ላይ እንደዚያው ተጣብቆ ነው የሚመጣው። ሽምብራ የሚዘራው ሌላው እህል ካደገ በኋላ፣ ዝናቡ ወደ ማባራቱ ሲል ነው። መረሬ አፈር የጠጣውን ውሃ አይለቅም፤ ሽምብራው ከዚያ በኋላ ብዙ ዝናብ ሳያይ በዚያው እርጥበት ያድጋል። ትኩስ መሆኑን ለማወቅ ቅጠሉን ዳሰስ አድርጋችሁ ጣታችሁን ቅመሱ። ጎምዛዛ፣ ጨው ጨው የሚል ነገር ይቀራል። ሽምብራ ቅጠሉ ላይ የራሱ አሲድ አለው። ነቅለው ያቆዩት፣ ውሃ እየረጩ ለምለም ያስመሰሉት ይሄ ጣዕም ይጠፋበታል። ልጆቼ አሁን ይሄን ፈተና ከእኔ ቀድመው ያደርጋሉ። እስሩን ገዝተን ቤት ሳንደርስ ግማሹ ያልቃል። የቀረውን ከነልጡ ብረት ምጣድ ላይ ጠበስ አደርገዋለሁ፣ ትንሽ ጨው፣ ሌላ ምንም።

በርበሬም በዚሁ ሰሞን ነው። ከማረቆና ከአላባ ዛላው የሚመጣው ከኅዳር ጀምሮ ነው። አንድ ዛላ አንሱና ጆሯችሁ ጋ አድርጋችሁ አወዛውዙት። ደረቅ ከሆነ ፍሬው ይንኮሻኮሻል። ድምፅ ከሌለው እርጥብ ነው፤ ሚዛን እንዲያነሳ ውሃ ረጭተውበት ሊሆን ይችላል፣ ቤት ሲቀመጥም ይሻግታል። አንዱን ሰንጥቃችሁ ውስጡን እዩ። ነጭ ወይም ግራጫ ሻጋታ ካለው ምንም ያህል ረክሶ ቢሰጣችሁ ተዉት። ለሽሮ የሚሆነውን ሽምብራ፣ አተርና ባቄላ ደግሞ ጥርና የካቲት ላይ፣ አውድማው ካለቀ በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ነው የምገዛው። ፀሐዩም ለማስጣት ይመቻል።

ጾሙ ሲገባ ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ። ላም አትጾምም። 55 ቀን ሙሉ አብዛኛው የከተማ ሰው ወተት ሲተው፣ ሰላሌና ሱሉልታ ያለው ገበሬ በየቀኑ ማለቡን አያቆምም። ገዢ ሲጠፋ ወተቱ ቅቤና አይብ ይሆናል፣ ካልሆነም ይባክናል። ስለዚህ ለፋሲካ የሚሆነኝን ቅቤ በጾሙ አጋማሽ እገዛለሁ፤ ለእነሱም ጥሩ ነው፣ ለእኔም። የበዓሉ ሳምንት ዋጋው ሌላ ነው። ጾም የሌለባችሁ ደግሞ በዚያ ሰሞን ወተት ከዩኒየኖቹ ግዙ። ከምትረዱባቸው መንገዶች ሁሉ ቀላሉ ይሄ ነው።

ማንጎ የሚያዝያና የግንቦት ነው። ከአርባ ምንጭና ከአሶሳ የሚመጣውን ሰዎች ቆዳው ላይ ሮዝ ነጠብጣብ አይተው ሲመልሱት አያለሁ። ነጠብጣቡ ነፍሳት ያመጡት ነው፤ በ2002 ዓ.ም. ምሥራቅ ወለጋ ውስጥ መጀመሪያ የታየና ከዚያ ወዲህ በየማንጎ አገሩ የተዛመተ ተባይ ነው። ከቆዳው አልፎ ሥጋው ካልተጎዳ ጣዕሙ ያው ነው። ገበሬው ግን በዚህ ነጠብጣብ ምክንያት ዋጋ ያጣል። እኔ እሱን እየመረጥኩ ነው የምገዛው፤ ጭማቂው ላይ ማንም አይለየውም። ፖም የምትወዱም የጨንቻውን ሞክሩ። ከውጭ ከሚገባው አነስ ይላል፣ ቆዳው አያብረቀርቅም፣ ጎምዘዝ ይላል። ግን የፖም ጠረን አለው፣ ከጋሞ ደጋ ነው የመጣው፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ወራት አልከረመም።

አሁን ደግሞ ድክመቱን። ገበያው ጣሪያ የለውም። ክረምት ላይ ጭቃ ነው፣ በጋ ላይ አቧራ ነው። የገበሬው ምርት ፀሐይ ላይ ውሎ ከሰዓት በኋላ ይጠወልጋል፤ ይሄ ለማንም አይጠቅምም። የዋጋ ሰሌዳ አንዳንድ ሳምንት ይለጠፋል፣ አንዳንድ ሳምንት የለም። ዩኒየኖቹም አልፎ አልፎ አይመጡም፤ መቅረታቸውን አስቀድሞ የሚነግረን የለም። ሰው ከሌላ ሰፈር በታክሲ መጥቶ ባዶ እጁን ሲመለስ አይቻለሁ።

ሚዛኑም ያሳስበኛል። አንድ ሻጭ ሦስት ኪሎ ብሎ የሰጠኝ ቲማቲም ቤት ስመዝነው በግልጽ የጎደለ ነበር። ከላይ የተደረደረው የሚያምር ነው፣ ከሥር ያለው ደግሞ የፈረጠ። ይሄ ያመረተ ሰው ሥራ አይደለም፤ እንዲያ ያለው ድንኳን ውስጥ የገበሬ ማኅበር ስም የተጻፈበት ባነር ተሰቅሎ ማየቴ ነው ያንገበገበኝ። በገበሬ ስም ቦታ ወስዶ የአትክልት ተራ ዕቃ የሚቸረችር ሰው የገበሬውን እምነት ነው የሚበላው። የእኔ ጥያቄ ቀላል ነው። መግቢያው ላይ ሸማች ራሱ የሚመዝንበት አንድ ሚዛን ይቀመጥ። ባነር የሰቀለ ሁሉ ከየትኛው ወረዳ፣ ከየትኛው መሠረታዊ ማኅበር እንደመጣ ይጻፍበት። እናቶቹም ከጠርዙ ተነስተው ጥላ ያለው ቦታ ይሰጣቸው፤ ገበያው በስማቸው ነው የተከፈተው።

ለመሄድ ላሰባችሁ ጥቂት ነገር ልጨምር። ጥሩ ነገር ያለው ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ነው። ቅዳሴ አስቀድሜ ስለምሄድ እሁድ አረፍዳለሁ፤ ስለዚህ ቅዳሜን እመርጣለሁ፣ ቅዳሜ ካልተመቸኝ ትልቁ ልጄ ቀድሞ ይሄዳል። ዩኒየኖቹ ቴሌብር ይቀበላሉ። ጎመን የሚሸጡት እናቶች ግን ዝርዝር ብር ይፈልጋሉና መቶ ብሩን ቀድማችሁ አስዘርዝሩ። ዘንቢል ያዙ፤ ቲማቲምና ኮክ ፌስታል ውስጥ ይጨፈለቃሉ። ምን እንደምትሠሩ ቤት ወስናችሁ አትሂዱ። ገበያውን አንድ ዙር ዙሩ፣ ምን እንደበዛ እዩ፣ ከዚያ ወስኑ። ከጎረቤት ጋር ተባብራችሁ አንድ ጆንያ ድንች ወይም ሽንኩርት ብትካፈሉ ደግሞ ገበሬው በጅምላ ዋጋ ይሰጣችኋል። በእኛ ብሎክ አምስት ቤት ሆነን እንዲህ እናደርጋለን፤ ጆንያውን የሚያወጣልን ልጅ ሁሌም አይጠፋም።

አሁን ታኅሣሥ ነው። በርበሬው ገብቷል፣ ሽምብራውም ከጥር አጋማሽ በኋላ ይደርቃልና እሸቱን የምትፈልጉ በዚህና በሚቀጥሉት ጥቂት ሳምንታት ድረሱበት። እኛ ሰፈር ከሆናችሁ፣ ከድንች መኪናው ቀጥሎ ባለው ግራ ጥግ፣ ነጠላ የለበሱ አባት አሉ፤ የሚሸጡትን ራሳቸው ነው የነቀሉት።